ከሸክላው የቀደሙ ጣቶች

የጃዝ ወዳጆቹ ዓይናቸውን በመሐረብ ታስረው በሸክላው ላይ የሚጫወተውን ሙዚቀኛ በጆሮ ብቻ በሚለዩበት ጨዋታ፣ ሸክላ አጫዋቹ እንዲህ ያለ ጆሮ አይቶ አያውቅም። እንግዳው ሽማግሌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። መርፌዋ ሸክላው ላይ ከማረፏ የሙዚቀኛውን ስም ይጠራሉ።

«ኧረ መሐረቡን አጥብቁት!» አለ አንዱ።

አጫዋቹ በመጨረሻ ከተዘጋ ስቱዲዮ ያተረፈውን፣ ለገበያ ያልወጣ ሸክላ አስቀመጠ። ትራምፔት ብቻውን ጀመረ።

«ይሄንስ፣ ጋሼ?»

«አላወቅኩትም፣ ልጄ።»

ጉልበታቸው ላይ ያረፉት ሦስት ጣቶች ግን የትራምፔት ቁልፍ እንደሚጫኑ ሁሉ ከሸክላው ድምፅ እየቀደሙ ይወጡና ይወርዱ ነበር። ድንገት ፊታቸውን አጨማደዱ። ትራምፔቱ ኖታ የሳተው ከዚያ በኋላ ነው።

«አይ ልጅነት!» አሉ በቀስታ።

አጫዋቹ መሐረቡን ፈታላቸውና ሸክላውን አንስቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው።