በሚካኤል ዕለት የበየድኩት ሚኒባስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ በየጾሙ ሐሜቴን፣ ስካሬን፣ ቁጣዬን ዘርዝሬ ስናዘዝ ይህችን አንዷን ግን ሳልናገር እመለሳለሁ። እናንተ የምታነቡት ሰዎች አታውቁኝም፤ የደፈርኩትም ለዚህ ይሆናል። ምናለ እባላለሁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ በያጅ ነኝ።

እናንዬ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ወጣትነቷን ዓረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ጨርሳ፣ በላቧ አንዲት ያገለገለች ሚኒባስ ገዛች። የምትነዳትም ራሷ ነበረች፤ ከደብረ ታቦር ገሳይ ሰው ታመላልሳለች። ሴት ሾፌር ብሎ የሚስቅባት አልጠፋም። እሷ ግን «ከእንግዲህ የሰው ቤት አልገባም» ትል ነበር። ያቺ መኪና ለእሷ ምን እንደነበረች ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኳች። የኋላ ወንበሩ እግር ተሰብሮባታል፣ በማግስቱ ደግሞ ገበያ ነው።

«አያ ምናለ፣ በዓል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለችኝ። «እችን ብቻ ያዙልኝ፤ ነገ ሰውን ምን ላይ ላስቀምጠው?»

እምቢ ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩ፤ በደግነቴም ራሴን አሞገስኩ። መኪናዋን ግቢ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በእኛ አገር በሚካኤል ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ የተገኘ ሰው ስሙ በክፉ ይነሣል። እኔ ደግሞ የሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበርኩ፣ ማኅበርተኛውን የምመራው እኔ ነኝ። ታቦቱ ሳይወጣ ጨርሼ፣ ታጥቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት መገኘት አለብኝ። መኪና ላይ ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ አለበለዚያ የብየዳው ኃይል በሽቦዎቹ ዞሮ የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ለስንቱ ሰው ነቅያለሁ! ባትሪው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን ማንሣትና በአሥር ቁጥር ቁልፍ ማላላት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቁልፉንም አንሥቼ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ስሰማ መልሼ አስቀመጥኩት።

እግዚአብሔርን ፈርቼ ቢሆን ሥራውን እተወው ነበር። እኔ የፈራሁት ጎረቤት ነው። ባትሪውን እንዳለ ትቼ በየድኩ። እኔ ነኝ የበየድኩት፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሚኒባሷ ያን ዕለት ተነሥታ ሄደች፣ እኔም እፎይ አልኩ። በማግስቱ ሰው ጭና ወደ ገሳይ ስትወጣ ዳገቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራቶቿ ሁሉ በሩና ቀጥ አለች። በአይሱዙ ተጎትታ ተመለሰች። መካኒኩ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሳለ ከፍቶ ካየ በኋላ ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል አለና «ሰሞኑን ብየዳ ነክቷት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እናንዬ ወደ እኔ ዞረች። ጠርጥራኝ አልነበረም። የማውቀውን እንድናገርላት ነው።

«ባትሪዋን ነቅዬ ነው የበየድኩ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ልጅቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እንግዲያው ሚካኤል ነው» አለች። «በበዓሉ ቀን አሠርቼ። ቀጣኝ።»

ያኔ ዝም ብል እንኳ ምን ነበረበት? እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ እናንዬ፣ በታቦቱ ቀን መድፈር አልነበረብንም። ንስሐ ግቢ» አልኳት። ንስሐ ግቢ! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ድረስ ያንን ቃል ሳስበው የገዛ አፌ ያስጠላኛል።

እሷም ገባች። ጾመች፣ ሰገደች። የተቃጠለውን የሚተካ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጥታ ነበር፣ አልገጠመም። በመጨረሻ ሚኒባሷ እየተፈታታች ተሸጠች። እናንዬ ከተረፋት ላይ ለሚካኤል ቀይ ጃንጥላ ገዝታ አስገባችና ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች። የሰው ቤት አልገባም ያለችው ልጅ እንደገና የሰው ቤት ገባች። መጀመሪያ ለእናቷ ትደውል ነበር። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ሲወጣ ያቺ ቀይ ጃንጥላ ትዘረጋለች። እኔም ከፊት ሆኜ አጨበጭባለሁ። በምን ዓይኔ ነው ቀና ብዬ የማያት? እሷ በእኔ ኃጢአት ስለት አስገባች፣ እኔ በእሷ ስለት ፊት እዘምራለሁ። ማኅበሩን ልተው እላለሁ፣ ለምን ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ደግሞ እቀራለሁ።

ዘንድሮ ታቦቱ ከገባ በኋላ እናቷ፣ እማማ ጥሩ፣ እጄን ያዙኝ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ምናለ ልጄ፣ አንተ የማኅበሩ ሰው ነህ» አሉኝ። «ሚካኤል ታርቋት ይሆን?»

«ይታረቃታል፣ እማማ፣ አይዞዎት» አልኩ። መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ምን ብሎ ይታረቃታል? መቼ ተቆጣት? ያቃጠልኳት እኔ፣ የዋሸኋት እኔ፣ በመልአኩ ያሳበብኩ እኔ። ቸኩዬ ነው አልልም፤ መካኒኩ ሲጠይቀኝ አልቸኮልኩም ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የእማማ ጥሩ ቤት ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ነው። ይህን ስጽፍ ሲያስሉ ይሰማኛል። እስካሁን በራቸውን አላንኳኳሁም።