ነጯ መኪና የት እንዳለች

መኪና ማከራየት ስንጀምር የነበሩን ሦስት ያገለገሉ መኪኖችና ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከጎማ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ብቻ ነበሩ። ሸሪኬ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ።

«ይህ ሥራ ድሮም የተጀመረው በጥቂት አሮጌ ፎርድ ነው» ይሉኝ ነበር። «ያኔ ለአከራዮቹ ደንበኛው ምን ያህል እንደነዳ የሚነግራቸው ማይል መቁጠሪያው ብቻ ነው። የት እንደሄደ አያውቁም። እኛ ጂፒኤስ አለን።»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ያገራችን ልጅ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ መጣችና ነጯን መኪና ሬንት አደረገች። ከንፈሯ አብጧል። ቀድሞ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ስሠራ ከደረጃ ወደቅሁ የሚሉ ብዙ ሴቶች ስላየሁ ምንም አልጠየቅኳትም። ፈርማ ስትወጣ፣ «እህቴ፣ ማንም ቢመጣ የት እንዳለሁ አትንገሪ» አለችኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ባሏ መጣ። ኢሜሏ ውስጥ ያገኘውን የኪራይ ውል በስልኩ አሳየን።

«መኪናውን ትራክ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። የት ነው ያለችው?»

«ልጄ፣ ይህን ለማንም አናሳይም» አሉት ጋሼ።

አፋቸውን በቡጢ መታቸው። ከወንበራቸው ሲወድቁ አንገታቸውን ይዞ ጭንቅላታቸውን ከብረቱ መሳቢያ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው። «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ፤ የጎማ ሱቁ መፍቻ ማሽን ድምፄን ዋጠው። ሰውየው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ነጯ መኪና አፕል ቫሊ ከተማ ቆማለች። ሳያያት ገመዱን ነቀልኩት። ፀጉሬን ጨምድዶ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አላተመኝ።

ስወድቅ እጄ መሬት ላይ የክሪክ ብረት አገኘ። ጉልበቱን ስመታው ወደቀ። ፊቱን ሊከልል ክንዱን አነሳ፤ ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

«በቃ! በቃሽ! ትገድዪዋለሽ!» ጋሼ ደም እየተፉ በደረታቸው ተስበው መጥተው እግሬን ያዙ።

የመጣው ፖሊስ ሰውየውን ስንት ጊዜ እንደመታሁት ጠየቀኝ። «ሁለቴ» አልኩ። ጋሼ ሰምተው አላረሙኝም። እሳቸው ሦስት ጥርስ አጡ፤ የግራ ዓይናቸውም እስከዛሬ ይደበዝዝባቸዋል። ሰውየው ከሆስፒታል ወደ እስር ቤት ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ሴትየዋ መኪናዋን መለሰች። የጋሼን ፊት ስታይ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ተነሺ ልጄ» አሏት። «ፍሬኑ አላስቸገረሽም?»

ትልቋ ልጅ ወደ እኔ ቀረብ ብላ አባቷን ማን እንደመታው በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እናቷ ልታስቆማት እጇን ዘረጋች።

«እኔ ነኝ» አልኳት።