እንግሊዝኛ የፈጃቸው አጎቶች

አምና ስምንተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ደንብ ነበራቸው። አዲስ ቃል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉና ትርጉሙን አንዴ ይነግሩናል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ የእኛ ነው። በየተራ ብድግ እያልን ዓረፍተ ነገር እንሠራበታለን። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ደግሞ የግድ የቤታችን ሰው መግባት አለበት። «የመጽሐፉን ምሳሌ ደጅ ስትወጡ ትረሱታላችሁ፤ በእናታችሁ የሠራችሁትን ግን አትረሱትም» ይሉ ነበር። ወጣት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ስላልለመዱት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ጠመኔውን በጓንት ይዘው ነበር የሚያስተምሩን።

መጀመሪያ ላይ ደንቡ ደስ ይል ነበር። «ማይ ማዘር ሜድ ብሬድ» ብዬ ስቀመጥ፣ እናቴ እንግሊዝ አገር ገብታ ዳቦ የጋገረች መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ጣጣው የመጣው ከክፉ ክፉዎቹ ቃላት ጋር ነው። አንድ ቀን መምህሩ «ሲክ» ብለው ጻፉ፤ መታመም ማለት ነው። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ተነሳና «ማይ ማዘር...» ብሎ ቀረ።

«እሺ፣ እናትህ ምን ሆነች?»

«ቲቸር፣ ‹አይበለውና› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«የለውም።»

«እንዴት አይኖረውም?»

«የለውም አልኩህ! ቀጥል።»

ልጁ እንዴት ይቀጥል? እኛ ዘንድ በቤተሰብ ላይ ክፉ ነገር ሲነሳ፣ ለምሳሌም ቢሆን፣ አስቀድሞ «አይበለውና» ይባልለታል። ያለዚያማ ክፉውን በስሙ መጥራት ነው። ልጁ አሰበ፣ አሰበና «ማይ አንክል ኢዝ ሲክ» አለ፤ አጎቴ ታሟል ማለቱ ነው። ለካ አጎት የሚባል የለውም! የሌለ ሰው ቢታመም ማን ይጎዳል?

ከዚያ ወዲያ በአጎት ላይ ያልወረደ መከራ የለም። አጎት ከጣርማ በር ገደል ገባ። አጎትን አንኮበር ላይ ሌባ ዘረፈው። ለሚ ገበያ ውሻ ነከሰው። የእውነት አጎት ያላቸው ሲቸገሩ የፊት ወንበሩ ልጅ «የእኔን ውሰዱ፣ እሱ ምንም አይሆንም» እያለ በኩራት ያድላቸዋል። የወንበር ጓደኛዬ ደግሞ በጆሮዬ «ምስኪን! ዛሬ ደግሞ ቤቱ ተቃጠለበት» ትለኛለች። ሳቄን ለመደበቅ ነጠላዬን አፌ ውስጥ እጎሰጉሳለሁ።

በመጨረሻ መምህሩ መረራቸው።

«የዚህ አገር አጎት ምን ነካው? ወረርሽኝ ገባ እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ አጎት ተከልክሏል! በቃል ፈተናው ላይ ሰውየውንም ቃሉንም የምሰጣችሁ እኔ ነኝ።»

እኔ በዚያ ፈተና መቀለድ አልችልም ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንግሊዝኛ ወድቄያለሁ፤ አሁንም ከወደቅኩ ክፍሉን መድገሜ ነው። ስለዚህ ከብት በረቱ ጥግ ተቀምጬ ቃሎቼን ስወቃቸው ሰነበትኩ። ማታ ማታ እናቴ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተለች «ዛሬስ ምን አላችሁ?» ትለኛለች፤ እኔም የዕለቱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እልና እተረጉምላታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብናል። ከደሴ በኩል የሚመጣ መኪና ደጃችን ላይ ቀስ ያለ እንደሆነ እንዝርቷ እጇ ላይ ቀጥ ይላል። መኪናው ሲያልፍ መፍተሏን ትቀጥላለች። ስለዚህ ነገር ግን አናወራም።

የፈተናው ቀን ተራዬ ደረሰና ተነሳሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ብራዘር» ብለው ጻፉ። ከጎኑ «ዳይ» ብለው ጨመሩ። ወንድም፤ መሞት።

ዓረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ። ሦስት ቃል ነው፤ ምላሴ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከመምህሩ በቀር ስለ ወንድሜ የማያውቅ አልነበረም።

«ቀላል እኮ ነው። አላጠናሽም እንዴ?»

«አጥንቻለሁ።»

«ታዲያ በያ! ዝም ካልሽ ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

ዜሮውም ታየኝ፣ የእናቴ እንዝርትም ታየኝ። ይሄኔ የወንበር ጓደኛዬ ሳይፈቀድላት ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ይሄን ለእኔ ስጡኝ። እኔ ወንድም የለኝም፤ ቤታችን ሴት ብቻ ነው።»

«ተቀመጪ! ፈተናው የእሷ ነው።»

«እኔ ብለው ማንንም አይነካም። የእሷ ግን ጦር ሜዳ ነው ያለው።»

መምህሩ ዞረው አዩኝ። የፊት ወንበሩ ልጅም ተነሳ፤ «እኔም ወንድም የለኝም ቲቸር፣ ለእኔም ቢሆን ይሆናል።» ከኋላ ደግሞ «እኔም! እኔም!» የሚል መጣ።

መምህሩ ዳስተሩን እንኳ ሳያነሱ «ዳይ»ን በጓንታቸው ጠረጉት።

«አይበለውና» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በቦታው «ካም ባክ» ብለው ጻፉ፤ መመለስ። «በይ፣ ቀጥዪ።»

«ማይ ብራዘር ዊል ካም ባክ።» ወንድሜ ይመለሳል።

ድምፄ ግድግዳው ጋ ደርሶ ሲመለስ ሰማሁት። ክፍሉ በሙሉ «አሜን!» አለ። መምህሩም ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ መሀረባቸውን እየፈለጉ «ሙሉ ነጥብ» አሉ።

ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ አልኩላት፤ ትርጉሙን ስነግራት መኪና ሳይመጣ እንዝርቷ ቆመ።

«እስቲ ድገሚልኝ። ቀስ ብለሽ።»

«አንቺ ስትይው እኮ ብራዘር አይደለም እማዬ፤ ላንቺ ሰን ነው፣ ወንድ ልጅ ማለት።»

«እሺ። ማይ... ሰን...»

አንድ ቃል አንድ ቃል እያልን፣ እስኪዋጣላት ድረስ አመሸን።

ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ወንድሜ ገና አልመጣም። ከደሴ በኩል የመጣ መኪና ደጃችን ላይ ቀስ ሲል ግን እናቴ እንደ ድሮው ዝም አትልም። «ማይ ሰን ዊል ካም ባክ» ትላለች፣ ፀጉሩን እየፈተለች፤ እኔም ከማጠናበት ሆኜ «አሜን» እላታለሁ።