ቸርኬና ፖስተኛው አማቱ

የኔን የልብስ ስፌት ቤትና የቸርኬን ሱቅ የምትለየው አንዲት ስስ ጣውላ ናት። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ፤ መኪናዬ ክር በጥሶብኝ ስራገም ደግሞ «ቀስ በይ እትዬ» የሚለኝ እሱ ነው። ሥራው ያገለገሉ ሳይክሎችን ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ነው። ቸርኬ ያልነው ረጅምና ቀጭን ስለሆነ አይደለም፤ ሲያወራም፣ ሲስቅም፣ ሲተክዝም የሚሽከረከር ጎማ ከእጁ ስለማይጠፋ ነው።

ዕድለኛ ነኝ ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። ጎረምሳ ሳለ ከአንድ ጎማ መንፊያ በቀር ንብረት አልነበረውም። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተነፈሰ ጎማ ይለጥፋል። በሳይክል እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉ አንድ ፖስተኛ ደንበኛው ሆኑ። ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ቆጣ ያሉ፣ ግን ልበ ሰፊ ሰው ነበሩ። የጎረምሳውን ጠባይ ሲያጠኑ ከረሙና አንድ ቀን «ልጄ ባለፈች ቁጥር የምትለጥፈው ጎማ ሲጠፋህ አያለሁ። እስከ መቼ ነው ዝም የምትለው?» አሉት። ቸርኬ መሬት መሬት አየ። ፖስተኛው ልጃቸውን ዳሩለት። ጡረታ ሲወጡም የቤታቸውን የፊት ክፍል በመንገዱ በኩል በር አወጡለትና ሱቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቸርኬ «ለሰው ሎተሪ ይደርሰዋል፣ ለኔ የደረሰኝ አማት ነው» እያለ ያስቀናን ነበር። ቸርኬና ሚስቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ሚጢጢ አልናት። በአያቷ ሳይክል የኋላ መጫኛ ላይ አደገች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ፖስተኛው መርሳት ጀመሩ።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሲያተራምሱ ሳቅን። የገዛ ልጃቸውን «እመቤቴ፣ የማን ቤት ነው ይሄ?» ብለው ሲጠይቋት ግን ሳቁ ቀረ። የሚገርመው፣ ሳይክል ላይ ሲወጡ ሌላ ሰው ናቸው፤ ጀርባቸው ቀጥ፣ እጃቸው ጽኑ። ያገኙትን ወረቀት ሁሉ በአሮጌ ቦርሳቸው ከተው ያድላሉ። አንድ ጊዜ ሱሪ የምቆርጥበትን የወረቀት ልክ ወስደው በመድኃኒት ቤቱ በር ሥር አሹልከውት ኖሯል። መድኃኒተኛዋ «እትዬ፣ ግማሽ ሱሪ በፖስታ ደርሶኛል፤ ግማሹ መቼ ይመጣል?» እያለች አመጣችልኝ። ሁላችንም ስንንከተከት ቸርኬ ፈገግ እንኳ አላለም። መንገዱ የመኪና መዓት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቁን ሳይክሎች በአንድ ረጅም ሰንሰለት እያያያዘ ይቆልፍ ጀመር።

ክፉ ቀን ግን ቁልፍ አያግደውም። አንድ ቀን ከምሳ በፊት አንድ ደንበኛ መጥቶ «ሞክሬ ልግዛ» አለ። ቸርኬ ሰንሰለቱን ፈታና ሰውየውን ተከትሎ እስከ ማዞሪያው ወረደ። ሚስቱ ጓዳ ልብስ ታጥባለች። እኔ ጃኬት ላይ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ቀና ስል የፖስተኛው ጀርባ መታጠፊያው ላይ ሲሰወር አየሁ፤ ከኋላቸው ደግሞ የሚጢጢ ቀይ ሹራብ። መርፌዬን ጥዬ ወጣሁ፣ ተጣራሁ፣ ማን ይስማኝ! በራፉ ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴት «ልጄን ትምህርት ቤት ላድርሳት ብለውኝ ነው ያለፉት» አለችኝ። ልጃቸው ያሏት የልጅ ልጃቸውን ነው።

ቸርኬ እየሮጠ ተመለሰ። ሱቁን ባንድ ጊዜ ቃኘና ፊቱ አመድ መሰለ። ወደኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ሰማያዊዋን ነው የወሰዷት» አለኝ።

«ታዲያ ምን አላት?»

«አላለቀችም። የፊት ጎማዋን ለመልክ ነው የሰካሁት። ብሎኑን በጣቴ ብቻ ነው ያዞርኩት። ፍሬንም አልገጠምኩላትም።» ወደ ጓዳው አየ። «ለሷ እንዳትነግሪያት...»

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው።

«ለኔ ምኑን ነው የማትነግረኝ?»

ዝም።

«አንተን እኮ ነው!»

ነገራት። አልጮኸችም። በዚያ አረፋ እጇ ደረቱን መታችው፤ ደግማ መታችው። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተዘረፈጠች።

ቸርኬ ያገኛትን ሳይክል ይዞ ፈረጠጠ። ወሬው ከሱ ቀድሞ ነበር መሰለኝ፣ ከሱቁ ሳይክል የገዛ ሁሉ ወደ መንገድ ወጣ። ዳቦ አከፋፋዩ ቅርጫቱን ሜዳ ላይ ደፍቶ ሄደ። መድኃኒተኛዋ ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ሄደች። አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ድልድዩ፣ አንዱ ወደ ትልቁ ቁልቁለት። ሁላችንም በሆዳችን የፈራነው ያንን ቁልቁለት ነው፤ ከታች የጭነት መኪና መንገድ ያቋርጠዋል።

እኔ ከሚስቱ ጋር ቀረሁ። ዝናቡ ጀመረ። «ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ» ብላት አልሰማችኝም። «እትዬ፣ አንዳቸው ብቻ ቢተርፉስ?» አለችኝ። «ለማን ብዬ ነው የምለምነው? ለልጄ ከለመንኩ ለአባቴ አልለምንላቸውም ማለት ነው?» እጇን ያዝኩ። አረፋው ደርቆ ቆዳዋ ላይ ተሰነጣጥቋል።

ዳቦ አከፋፋዩ ከዝናቡ ውስጥ ብቅ አለ። አልወረደም፤ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ እጁን ዘረጋ። የሚጢጢ ጫማ ነበር፣ አንድ እግር። «ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው ያገኘሁት» አለና ፊቱን አዞረ። እሷ ጫማውን ተቀብላ ውስጡን በጣቷ ዳበሰችው፤ ይሞቅ እንደሆነ ነው። ያኔ እኔም ተስፋዬ ተሟጠጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አስከሬን የምናስገባው በየትኛው በር ነው ብዬ አስቤያለሁ።

የሆነውን ቸርኬ ኋላ ነው የነገረኝ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም፤ ደም ነበር የሚፈልገው። የቁልቁለቱ ወገብ ላይ አንድ የተዘጋ መጋዘን አለ። የጣሪያው ክፈፍ ሥር ፖስተኛው ቆመዋል፤ ሰማያዊዋን በመሪዋ ይዘዋል፣ ሚጢጢ የሳቸውን ኮት ተከናንባ መጫኛው ላይ ተቀምጣለች። ከአናት ጀምሮ እየገፏት ነው የወረዱት። «ልጅ ይዞ ቁልቁለት አይነዳም» አሉት። «ይህን የማያውቅ ፖስተኛ የለም።» የልጃቸው ስም የጠፋው ጭንቅላት ይህቺን ብቻ አልጣላትም!

ቸርኬ ሚጢጢን አውርዶ አቀፋትና ሳይክሏን ለማዞር የፊቱን ብድግ አደረገው። ጎማው እዚያው መሬት ላይ ቀረ። ትንሽ ቆሞ ተንገዳገደና ብቻውን ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ እየዘለለ፣ እየፈጠነ ወርዶ ከጭነት መኪናዎቹ መሀል ገባ። ቸርኬ ልጁን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አማቱ ጎንበስ ብለው ትክ ብለው አዩትና «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ? ቤት የለህም እንዴ?» አሉት። ልጅቷ ደግሞ «ጫማዬ ወደቀ ስላቸው ደብዳቤ ይቀድማል አሉኝ» ብላ ከሰሰች።

ዕድል ነው፣ ሁሉም ሰው ዕድል ነው አለ። ሰፈሩ ሲስቅ ሲያለቅስ አመሸ። በጣውላዋ ማዶ ግን ደስታው አልቆየም። ሚስቱ «ወይ ሳይክሎቹ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ እወጣለሁ» አለች። ቸርኬ ሳይክሎቹን ኋላ ክፍል አስገብቶ ቆለፈ። ሱቁ ባዶ ግድግዳ ሆነ። ፖስተኛው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መቀመጥ ያዙ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ሳላድል አልበላም» ይላሉ። ልጃቸው ብርድ ልብስ ስትደርብባቸው ከሥሩ እግራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፔዳል እየመቱ ነው። እየከሱ ሄዱ። ሐኪሙም «ካልበሉ ምንም ማድረግ አይቻልም» አለ። ልጃቸው ማንኪያውን ይዛ ፊታቸው ተንበርክካ ስትለምን ጣውላዋ አልጋረደችልኝም፤ ሁሉንም ሰማሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ቸርኬ አንዲት ሳይክል የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስቶ በብረት አቆማት። «ይንዱ አባባ» አላቸው። ወጡ፣ ጥቂት መቱ፣ ግራ ቀኙን አዩ። ግድግዳው እዚያው ነው። ወረዱና «ይሄ አይሄድም። ሰው ይጠብቀኛል» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። እሳቸው ሲያለቅሱ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቸርኬ ሁለት ሳይክሎች ወስዶ ብረት በያጅ ዘንድ ጎን ለጎን አስበየዳቸው። መሪው በአንዱ በኩል ብቻ ይታዘዛል፤ በሌላው በኩል ያለው መያዣ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት ብየዳው ለቀቀና ሁለቱም ወደቁ። ቸርኬ አማቱን ለማትረፍ ከሥር ገብቶ ክርኑ ወለቀ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ «በቃ ጨርሰህ ግደላቸው!» አለችው። ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። እሱም ክርኑ በፋሻ እንደተጠቀለለ በማግስቱ እየጎተተ በያጁ ዘንድ መለሰው።

በሁለተኛው ጊዜ ብየዳው ያዘ። ግን የታሰረ እጅ መሪ አይዝም። ያኔ ሚስቱ ቀሚሷን ሰብስባ ከአባቷ ጎን ወጣች። ለዘላለም የጠላችውን ነገር ነው የወጣችበት። ቸርኬ ከኋላ እየሮጠ፣ ሚጢጢ እያጨበጨበች ሄዱ። ሲመለሱ ፖስተኛው ሳህናቸውን አጋመሱ። ብዙ አይደለም፤ ግን በሉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ይወጣሉ። አልዳኑም፤ አይድኑምም። በቀደም መንገድ ላይ ልጃቸውን «የማን ልጅ ነሽ?» ብለዋት፣ እሷም «የፖስተኛው» ብላቸው፣ «እሱን አውቀዋለሁ፤ ልጁን ይወዳል» ብለው መንዳታቸውን ቀጠሉ። ይህን የነገረችኝ የተበጠሰ የካፖርት ቁልፍ ልታስተክል መጥታ ነው። ተክዬ ስሰጣት አልተነሳችም። «እግራቸው እየደከመ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። «ዛሬ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ የምመታው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ግን አልታወቃቸውም።»

ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጋ መጥበቁን አየችና ወጣች።