እግሩ እስኪረዝም የጠበቅነው ውሻ

ትናንት ከደጃችን ባጃጅ ቆመና አዲሱ ጎረቤታችን፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ወገበ ረዥም እግረ አጭር ቡናማ ውሻ ታቅፎ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ከበቡት። «ጋሼ፣ ይሄ መቼ ነው የሚያድገው?» አለችው አንዷ። ሳቄ አመለጠኝ። እኛም እኮ ይህንኑ ስንጠይቅ ክረምት አሳልፈናል።

ያን ጊዜ ቤታችን ከደብረ ታቦር ዳር፣ ከድንች ማሳችን አጠገብ ነበር። አባቴ መንገድ ለሚያሠራ ጀርመናዊ መሐንዲስ ዘበኛ ነበሩ። ሰውየው አገሩ ሲገባ ዋልዲ የሚባል ውሻውን ሰጣቸው። እናቴ ገና ስታየው፣ «ይሄ ምን ሊጠብቅ? ጅብ ቢመጣ ተራምዶት ነው የሚገባ» አለች።

«ቡችላ ነው፣ ይደግ» አሏት አባቴ።

ጠበቅን። ልቡ ያደገ ነበር፤ በሬ ላይ ይጮኻል፣ ሲጠሩት ካላሰኘው ንቅንቅ አይልም። እግሩ ግን ወይ ፍንክች። እኔና ታላቅ እህቴ መላ መታን። ሕፃን በቅቤ ታሽቶ እጅ እግሩ ይሳብ የለ? ፍልሰታ ገብቶ ቅቤውን የሚነካው ስላልነበረ፣ እየቆነጠርን ጠዋት ማታ የዋልዲን እግር አሸን፣ ጎተትን። እሱ ጾም የለበት፣ ቅቤውን እየላሰ ወፈረ።

እናቴ ደረሰችብን። «ድንቹን ጃርት እየጨረሰው፣ ገብሱ እስኪደርስ የምንቀምሰው ጠፍቶ፣ እናንተ ውሻ ቅቤ ትቀባላችሁ? ይሄዳል!» አለች። እብናት ለሚወርድ አንድ ነጋዴ ልትሰጠው ቆረጠች።

ነጋዴው የመጣው በቡሄ ዕለት ነው። የጅራፉ ጩኸት ከተረተሩ ይሰማል፤ እናቴ ለጨፋሪዎቹ የጋገረችው ሙልሙል ይሸታል። አባቴ ከማሳው ጫፍ የጃርቱን ጉድጓድ አግኝተው የጎረቤት ውሾችን አስጠርተዋል። ግዙፎቹ ውሾች የጉድጓዱን አፍ እያሸተቱ ጮኹ እንጂ ትከሻቸው አላስገባቸውም። ይሄኔ ዋልዲ ከነጋዴው እጅ አፈተለከና ከነገመዱ ገባ።

ትንሽ ቆይቶ ከእግራችን ሥር ጮኸ። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ። አባቴ ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ጩኸቱን እየተከተሉ በዶማ ቆፈሩ። ጃርቱ ፈንቅሎ ሲወጣ ጎረቤቶች በዱላ ጨረሱት። ዋልዲ ግን ዝም አለ።

አለቀስኩ። እናቴ ዶማውን ከአባቴ ተቀብላ ቆፈረች። ኋላ ኋላ ጭቃ የለበሰ ቂጥ ብቅ አለ፤ ገመዱ የዛፍ ሥር ላይ ተጠምጥሞ ይዞት ኖሯል። አፍንጫው ላይ የጃርት እሾህ ተሰክቷል። ውሻ ደጃፏን የማታስረግጠው እናቴ ጭኗ ላይ አስተኝታ አንድ በአንድ ነቀለችለት። ከዚያ ትልቁን ሙልሙል ገምሳ አጎረሰችው።

«ታዲያ ልውሰደው?» አለ ነጋዴው።

«የለም» አለች ቀና ሳትል፤ «አድጎ ጨርሷል።»

ትናንት ማታ ይህን ለመምህሩ ሳወጋው ከት ብሎ ሳቀ። እሱ እንደነገረኝ ጀርመን አገር አዳኞች ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያወጣላቸው ብለው ነው ዘሩን መርጠው እንዲህ ያሳጠሩት፤ ድምፁም ከመሬት በታች እንዲሰማ ነው። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ልፋታቸውን በቅቤ ልናፈርስ!

ሰው እንኳ ምን ሊሆን እንደተፈጠረ እስኪታወቅለት ስንት ዓመት ይጎተታል። እናቴ ዛሬ የለችም፤ ቃሏን ግን መቼ እንደሚያድግ ለጠየቀችው ልጅ ነገርኳት። ዘንድሮ ለቡሄ ስጋግር አንድ ሙልሙል እጨምራለሁ።