ሐይቁን በቀይ የሳልኩት ወድጄ አይደለም

ዛሬ ባህል አዳራሽ በተከፈተው የሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ የክብር እንግዳው በደርግ ጊዜ ተማሪ ሆኜ የሳልኩት ሥዕል ፊት ቆመው «የሐዋሳን ሐይቅ በቀይ! ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አሉ። ተጨበጨበ።

ደሜ ፈላ። የምን ድፍረት? ሰማያዊ ቀለም ስላልነበረን ነው!

አንድ ነጋዴ ሲሞቱ የፒያሳው ቤታቸው ኪራይ ለእኛ ለሥዕል ተማሪዎቹ ቀለም፣ ለመምህራችንም ደሞዝ እንዲሆን ተናዝዘው ነበር። ቀበሌው «ትርፍ ቤት ነው» ብሎ ወረሰው።

መምህራችን ጋሽ ታደሰ አቤት ሊሉ ቀበሌ ቢሄዱ፣ ከሰልፍ መፈክር የተረፈ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም አስይዘው ሸኟቸው።

በእሱ ሐይቅም፣ ዓሣም፣ ሰማይም ሳልን። (ቲማቲም ላይ ግን የሚደርስብን አልነበረም።)

ጋሽ ታደሰ ዛሬ አጠገቤ ነበሩ። አላጨበጨቡም። «ሰማያዊ ቀለም ሳላስነካችሁ ጡረታ ወጣሁ እኮ» አሉኝ።

እናንተስ፣ የተነጠቃችሁት ነገር እንደ ጉብዝና ተቆጥሮላችሁ ያውቃል?