«አብሽሪ»፦ ሪያድ ላይ የታረመች አንዲት መስመር

ሐሙስ ንጋት፣ ቦሌ

ወፍ ሳይንጫጫ ኤርፖርት ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ገመድ ይበዛል፤ ማዳመጫ፣ የፊልሙ ቅጂ ያለበት ሀርድ ዲስክ፣ በአደራ የተሰጠኝ ሁለት ኪሎ በርበሬ። ሥራዬ የፊልም አርትዖት ነው። ሀያት የምትባል ሪያድ ተወልዳ ያደገች ወጣት፣ ሳዑዲ ቤት ስለሚሠሩ እህቶቻችን ያነሳችውን የመጀመሪያ ዘጋቢ ፊልሟን በኢንተርኔት እየላከችልኝ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አርትዖቱን ሠርቼላታለሁ። ቅዳሜ ለተመልካች ይቀርባል። ድምፁን በአዳራሹ ማጉያ እንዳስተካክል ጠርታኛለች።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እህቴ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚታሰረው?» ብላ ቀበቶውን አሳየችኝ። የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። እንደሷ ስላሉ ልጆች የተሠሩ ፊልሞችን ብዙ አይቻለሁ። ካሜራ አፍሪካዊት ሴት ፊት ሲቆም ወይ እንባ ይፈልጋል ወይ መጥረጊያ። የእኛ ፊልም ግን ሌላ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ትዕቢት እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ቀትር፣ ሪያድ፣ ጉበይራ ሠፈር

የተቀበሉኝ የሀያት አባት ጋሽ ሸሪፍ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሪያድ ኖረዋል፤ ዕቃ በሚያመላልሱባት ነጭ ቫን ከውሃ ካርቶኖች ጋር ጫኑኝ። በመስኮቱ የሚገባው አየር ምድጃ የተከፈተ ያህል ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃው መስታወት፤ ወደ ደቡብ ስንወርድ ግን ሁሉም እየጠበበ ሄዶ ልብስ ሰፊ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ የሚሸጥ በቃላ የሚሉት ትንሽ ሱቅ እየተደራረበ መጣ።

«ሐኪም ትሁንልኝ ስል ካሜራ ይዛ መጣች» አሉኝ ጋሽ ሸሪፍ። «ወላሂ፣ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን ኸላስ፣ በቃ ብዬ ተውኳት።»

«ፊልሙን አይተውታል?»

«ቅዳሜ ከሰው ጋር አያለሁ ብያለሁ። ሰው ካላጨበጨበ እኔም አላጨበጭብም!»

ሁለት ሪያል ከፍለው በወረቀት ብርጭቆ ወተት ያለው ሻይ ገዙልኝ። ምላስ ያቃጥላል፤ በዚያ ሐሩር እንዴት እንደሚጠጡት እስካሁን አልገባኝም።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ዘሀራ እነ ሀያት ቤት መጣች። የፊልሙ እምብርት እሷ ናት። የሐይቅ ልጅ ናት፣ ወሎዬ፤ ራውዳ በሚባል ሠፈር አንዲት አሮጊት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሴትየዋን «ማማ» ትላቸዋለች። ሀያት ወጥ ቤታቸው ገብታ እንድትቀርጽ የፈቀዱት እሳቸው ስለሆኑ ቅዳሜ ተጋብዘዋል።

ዘሀራ ራሷን አስቀድማ ማየት ስለፈለገች ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ላፕቶፑን ከፈትን። ስትስቅ፣ «ውይ ፊቴ!» ስትል ቆየች። ከዚያ እኔ የምወደው ቦታ ደረሰ። በዕረፍቷ ቀን ጓደኛዋ ቤት ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ስልክ ታወራለች። የወዲያኛው ድምፅ አይሰማም። የእሷ ብቻ ነው የሚሰማው፦ «አብሽሪ... እሺ... አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ።»

ዘሀራ ሳቋን አቋርጣ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። ልጅ ሳለች ቁርኣን የቀራች ናት፣ ዓረብኛ ታነባለች፤ እኔ አላነብም። ጣቷን ከምስሉ ሥር ያለው የዓረብኛ ትርጉም ላይ አደረገች።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለች ሀያት።

«ታዛዥሽ ነኝ እመቤቴ ይላል። ማን ነው እመቤቴ ያለው?»

ነገሩን ላስረዳ። እኔ ኮምቦልቻ ነው ያደግኩት። እስላሙም ክርስቲያኑም ለከፋው ሰው «አብሽር» ይላል፤ ለሴት «አብሽሪ»። አይዞሽ ማለት ነው። ሪያድ ውስጥ ግን ያው ቃል የታዛዥ ቃል ነው፤ አንድ ነገር ሲታዘዙ «እሺ፣ በደስታ» ለማለት ይሉታል። የሀያት አፏ አማርኛ ቢናገርም ጆሮዋ ዓረብኛ ነው። ስለዚህ ማዳሟ በዕረፍቷ ቀን እንኳ ደውላ የምታዛት መስሏት፣ አዝናላት፣ ተቆርቁራላት ጻፈችው። እኔ ደግሞ ያንኑ ቦታ የፊልሙ ርኅራኄ እዚህ ነው ብዬ መሀል ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ፊልም ስንሠራ ከርመን ለካ ሁለት ፊልም ነው የሠራነው።

«እህቴ ፎዚያ ደሴ ሆስፒታል ምጥ ላይ ነበረች» አለች ዘሀራ። «የመጀመሪያዋ ነው። እናታችን የለችም። በስልክ አብሬያት እያማጥኩ ነበር! ነገ ማማ ቁጭ ብላ ይሄን ልታነብ? ያ ሁሉ ሰው? ፊቴን አውጡልኝ፣ ያላ፣ አሁኑኑ።»

የዘሀራ ፊት ከወጣ ፊልም የለም። ሀያት ግን ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተንበርክካ «ዐፉ በይኝ እህቴ» አለችና አለቀሰች። እኔም አፈርኩ። ዓረብኛውን ለሌላ ሰው አስነብቢ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላልኳትም።

ዘሀራ ሀያትን ከተንበረከከችበት ደግፋ አስነሳቻት። ኋላ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጻፊ፤ እኔ እነግርሻለሁ። ፎዚያ አትፍሪ፣ አጠገብሽ ነኝ በይ።»

«ስሟ ድምፁ ላይ የለም እኮ» አለች ሀያት።

«ስሟን ጻፊ! እህት እንዳለኝ ይወቁ።»

ጻፈችው። ከዚያ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምረን መስመር በመስመር አየነው፤ ዘሀራ እያነበበች፣ ሀያት እያረመች፣ እኔ እየቆረጥኩ። ሌሎች አራት ስህተቶች አገኘን። ጋሽ ሸሪፍ ካብሳ የሚሉትን ሥጋ ያለው ሩዝ ይዘው ገብተው ማንም ዞር ብሎ ስላላያቸው ብቻቸውን በሉ።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ሱወይዲ ሠፈር

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ወንበሩ አልቆ ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ሳዑዲዎች፣ ሱዳኖች፣ ከየሠፈሩ ተጠራርተው የመጡ የእኛ ሴቶች። ማማ ከፊት ረድፍ፣ ዘሀራ ከጎናቸው። እኔ ድምፅ ማስተካከያው ላይ ነኝ።

ያ ቦታ ደረሰ። «አብሽሪ» ስትል ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ጽሑፉ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ወሎዬዎች ባንዴ ተንጫጩ፣ አንዷም «አብሽሪ እናቴ!» ብላ ጮኸች፤ እልልታው ቀለጠ። ዓረቦቹ ጽሑፉን አንብበው ወደ ዘሀራ ዞሩ። ሰው ለሰው የሚዞረው አዟዟር ነበር እንጂ ሠራተኛ መኖሯን የሚያረጋግጡበት አልነበረም። ደስታዬን አልደብቅም፤ በዕድሜዬ አርትዖት ከሠራሁላቸው ፊልሞች ሁሉ እንደዚያች መስመር ያኮራኝ የለም። መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ጋሽ ሸሪፍ ወንበር ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ።

ግርግሩ ሲበርድ ማማ አልተነሱም። ዘሀራን እጇን ይዘው በዓረብኛ አንድ ነገር ነገሯት፤ ሀያት በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

«ባሌ የሞተ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ አብሽሪ፣ አብሽሪ ስትዪኝ ዋልሽ። ምንም ሳላዝሽ ምኑን ነው እሺ የምትለኝ እያልኩ ገርሞኝ ነበር።»

«አይዞሽ እያልኩሽ ነበር ማማ» አለች ዘሀራ።

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ደግሞ ሻይ አምጪ አልኩሽ» አሉ።

ዘሀራ ሳቀች፤ ሳቋ ከእንባ ጋር ነው የወጣው። ማማ ዱላቸውን ይዘው በዝግታ ተነሱ። ዘሀራ ልታግዛቸው ብድግ ስትል ትከሻዋን ተጭነው አስቀመጧት። በሩ አጠገብ ካለው ማንቆርቆሪያ ራሳቸው ሻይ ቀድተው፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፈው አመጡላት። ዘሀራ ሳትነሳ ተቀብላ ጠጣች።